ከጋሪ መሥሪያው እስከ ማይክሮስኮፑ፦ ስለ ናቫሆ ሕዝብ የሙያ ትምህርት

ባለፈው ዕትማችን አንድ አንባቢ በላኩልን ጽሑፍ፣ በዚህ ሰፈር ለሚያድጉ ወጣቶች የሚሰጠው ትምህርት ከልብስ ስፌት፣ ከአናጢነትና ከፀጉር ሥራ ባያልፍ ይሻላል፤ አልጀብራና ፊዚክስ ለስደተኛ ልጅ ቅንጦት ነው ሲሉ ሐሳባቸውን ገልጸው ነበር። ይህን ያነበቡ ሌላ ወንድማችን ደግሞ፣ የእጅ ሥራ ብቻ የተማረ ትውልድ የሰው ሎሌ ሆኖ ይቀራል በማለት ጠንከር ያለ መልስ ጽፈዋል። ሁለቱም በቅን ልቡና የጻፉት ስለ ሆነ አክብረን ተቀብለነዋል። ይሁን እንጂ ክርክሩ ከእኛ የተጀመረ አይደለም። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ በቀድሞ አጠራር ቀይ ሕንዶች የሚባሉት፣ ይህንኑ ጥያቄ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ኖረውበታል፤ ከፍለውበታልም። ስለዚህ የእነርሱን፣ ይልቁንም የናቫሆን ሕዝብ ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ናቫሆዎች ራሳቸውን ዲኔ ይላሉ፤ ትርጉሙም «ሕዝቡ» ማለት ነው። አገራቸው በዛሬዎቹ የአሪዞና፣ የኒው ሜክሲኮና የዩታ ክፍላተ ሀገር ውስጥ የሚገኝ ደረቅ፣ ድንጋያማና ሰፊ ምድር ሲሆን፣ በበግ እርባታና በምንጣፍ ሥራ የታወቁ ናቸው። በ1864 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እህላቸውን አቃጥሎ፣ የኮክ ዛፎቻቸውን ቆርጦ፣ ከስምንት ሺህ የሚበልጠውን ሕዝብ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር እየነዳ ቦስኬ ሬዶንዶ በተባለ ሜዳ ላይ አሰፈራቸው። እዚያም ቀለብ እየተሰፈረላቸው አራት ዓመት ቆዩ። ውሃው ጨዋማ ነበር፤ ያረሱትን ትል በላው፤ ብዙዎች በረሃብና በበሽታ አለቁ። ተሰልፎ ቀለብ መጠበቅ ምን እንደ ሆነ ለዚህች መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያሻንም።

በ1868 ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ውል ተፈረመ። የውሉ ስድስተኛ አንቀጽ ስለ ትምህርት የሚናገር ነው። ናቫሆዎች ከስድስት እስከ አሥራ ስድስት ዓመት የሆናቸውን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት እንዲልኩ ሲያስገድድ፣ መንግሥት በበኩሉ ለየሠላሳ ልጆች አንድ የትምህርት ቤትና አንድ መምህር ሊሰጥ ቃል ገባ። እኛ ከመቶ በላይ ተማሪ በአንድ ክፍል ይዘን የምናስተምር ሰዎች ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። የሆነ ሆኖ ቃሉ ለብዙ ዘመን አልተፈጸመም። የናቫሆ ልጅ ትምህርት ቤት ያገኘው በአብዛኛው ከቤቱ ርቆ ነው፤ ያውም ወታደር ባወጣው ሥርዓት።

ይህን ሥርዓት ያቋቋመው ሪቻርድ ሄንሪ ፕራት የተባለ መኮንን ነው። በ1879 በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር በካርላይል ከተማ፣ ባዶ በነበረ የጦር ሠፈር ውስጥ፣ ለነባር ሕዝቦች ልጆች የእደ ጥበብ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። ልጆቹ እንደ ደረሱ ጠጉራቸው ይቆረጣል፤ ስማቸው ይለወጣል፤ የደንብ ልብስ ይለብሳሉ፤ በቋንቋቸው መናገርም ክልክል ነው። ፕራት ዓላማውን አልደበቀም፤ በ1892 ባደረገው ንግግር፣ ሕንዳዊነቱ በልጁ ውስጥ ይገደልና ሰውየው ይዳን የሚል ሐሳብ በአደባባይ አሰምቷል። የናቫሆው መሪ ማኑኤሊቶ የነጮችን ዕውቀት ለሕዝቡ ይበጃል ብሎ ልጆቹን ወደ ካርላይል ከላኩት አንዱ ነው። ልጆቹን በበሽታ አጣቸው። በካርላይል መቃብር ከ180 በላይ የሕፃናትና የወጣቶች መቃብሮች ነበሩ። የጦር ሠራዊቱ አፅማቸውን ለየቤተሰቡ መመለስ የጀመረው በ2017 ነው።

ወደ ሙያው ነገር እንመለስ። በካርላይል ግማሹ ቀን ለመጽሐፍ፣ ግማሹ ቀን ለሥራ ነበር። ወንዶቹ ቆርቆሮ መቀጥቀጥ፣ ጋሪ መሥራት፣ የፈረስ ዕቃ መስፋት፣ ጫማ መስፋት፣ አናጢነትና የኅትመት ሥራ ይማራሉ፤ ሴቶቹ ስፌት፣ አጠባና ወጥ ቤት። የሠሩት ጋሪና የፈረስ ዕቃ በመንግሥት በኩል ወደ ነባር ሕዝቦቹ ክልሎች ይላክ ነበር። በበጋው ደግሞ በዙሪያው ባሉ የነጭ ገበሬዎችና ባለጸጎች ቤት ሠራተኛ ሆነው ይመደባሉ። ትምህርት ቤቱ በ1918 እስኪዘጋ ድረስ በዚህ ዓይነት ብዙ ሺህ ልጆች አለፉበት። እርግጥ ነው፣ ሁሉም ከንቱ አልነበረም፤ በ1915 ገደማ ጥቂት ተማሪዎች ወደ ፎርድ የመኪና ፋብሪካ ተልከው ሠርተዋል። የሚያሳዝነው ግን ያ መኪና ሌሎቹ ጓደኞቻቸው ሌት ተቀን ሲማሩት የኖሩትን የጋሪና የፈረስ ዕቃ ሙያ ከገበያ ያስወጣ መሆኑ ነው። በቆርቆሮ ሥራም ቢሆን ፋብሪካው እጅን ቀድሟል። ልጁ ሙያ ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ ሥራ የለም፤ ቋንቋውንም ረስቶ ከአያቱ ጋር መነጋገር ያቅተዋል።

በ1928 በሉዊስ ሜሪያም የተመራ አጥኚ ቡድን ስለ ነባር ሕዝቦች ኑሮ ሰፊ ሪፖርት አወጣ። ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የጻፈው በተለይ መራራ ነው። ለአንድ ልጅ የቀን ምግብ በአማካይ የሚወጣው 11 ሳንቲም ነበር። ሙያ ተብሎ የሚሰጠው ሥራ በአመዛኙ ትምህርት ቤቱን ለማስተዳደር የሚሠራ ጉልበት ነው፤ ልጆቹ አጠባውን ያጥባሉ፣ ከብቱን ያልባሉ፣ ጥገናውን ይጠግናሉ። የሚማሩትም ሙያ በመጥፋት ላይ ያለ ወይም በአካባቢያቸው ሥራ የማያስገኝ ነው ይላል። እንግዲህ የመጀመሪያው አንባቢያችን የእጅ ሥራ ይበቃል ሲሉ፣ በእኛ በኩል የምናቀርብላቸው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሙያውን የመረጠው ማነው? ገበያውንስ ያጠናው ማነው?

ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ ለሚሉን፣ ከናቫሆ ወጣ ብለን ስለ ቸሮኪ ሕዝብ ጥቂት እንናገራለን። በዚህ ሕዝብ መካከል ሴኮያ የሚባል አንጥረኛ ነበረ። በእኛ አገር ቀጥቃጩን ቡዳ እያልን ስንሸሸው በኖርንበት ዘመን፣ ቸሮኪዎች ፊደላቸውን የተቀበሉት ከአንጥረኛ እጅ ነው። ሴኮያ እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል በ1821 የቸሮኪን ቋንቋ የሚጽፉ ሰማንያ ስድስት ያህል ምልክቶች ቀርጾ ጨረሰ። አብዛኛው ምልክት እንደ እኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ የያዘ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ በዚህ ፊደል ጋዜጣ ታተመ። ሕዝቡ በ1838 እና በ1839 በመንግሥት ኃይል ከአገሩ ተነቅሎ ወደ ኦክላሆማ ምድር ከተነዳ በኋላ እንኳ፣ ገና ቁስሉ ሳይሽር፣ በ1851 በራሱ ገንዘብ ለወንዶችም ለሴቶችም ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ከፈተ። በሴቶቹ ትምህርት ቤት አልጀብራና ጂኦሜትሪ ይሰጥ ነበር። ጉድለት አልነበረውም አንልም፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፣ ተማሪዎቹም በአብዛኛው የደህና ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ቢሆንም ሥርዓተ ትምህርቱን የወሰኑት ራሳቸው ቸሮኪዎች ናቸው። ኦክላሆማ ክፍለ ሀገር ከሆነች በኋላ በ1909 የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የሴቶቹን ትምህርት ቤት ሕንጻ ገዝቶ የመምህራን ማሠልጠኛ አደረገው።

ከዚሁ ማሠልጠኛ በ1928 ሜሪ ጎልዳ ሮስ የተባሉ ቸሮኪ ወጣት በሂሳብ ተመረቁ። ልብ በሉ፣ የሜሪያም ሪፖርት የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ወይዘሪት ሮስ በገጠር ትምህርት ቤቶች ለዘጠኝ ዓመት ሂሳብና ሳይንስ አስተማሩ። በ1942 ሎክሂድ በተባለው የአውሮፕላን ኩባንያ በሂሳብ ባለሙያነት ተቀጥረው፣ ከጦርነቱ በኋላ የምሕንድስና ትምህርት አክለው፣ ከኩባንያው የምስጢር ክፍል መሥራች መሐንዲሶች አንዷ ለመሆን በቁ። ወደ ማርስና ወደ ቬኑስ ስለሚደረግ በረራ የተዘጋጀውን መመሪያ ከጻፉት መካከል ናቸው። በ1973 ጡረታ ከወጡም በኋላ የነባር ሕዝቦችን ልጆችና ሴቶችን ወደ ምሕንድስና ሲያበረታቱ ቆይተው በ2008 በ99 ዓመታቸው አርፈዋል። እኛም ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የወጣን በመሆናችን በዚህች ሴት ታሪክ ከመጠን በላይ ሳንደሰት አልቀረንም፤ አንባቢ ይቅር ይበለን። ለማለት የፈለግነው ግን አጭር ነው። በካርላይል ለአንዲት ልጅ የተመረጠላት ሙያ አጠባ ነበር። በቸሮኪዎቹ የተጀመረው የሴቶች ትምህርት ቤት ግን፣ እጅ ቢለዋወጥም፣ አልጀብራውን አላቋረጠም።

አሁን ወደ ናቫሆ ተመልሰን ለክርክራችን ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመውን ነገር እናንሣ። በ1965 ፌርቻይልድ የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ በናቫሆ ክልል ሺፕሮክ በተባለች ከተማ ሥራ ጀመረ። ይህ ኩባንያ ዛሬ በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ ውስጥ ያለውን ቺፕ ለዓለም ካስተዋወቁት ግንባር ቀደሞች አንዱ ነው። በ1969 ትልቁ ፋብሪካ ሲመረቅ በግል ኩባንያዎች ዘንድ የዚህን ያህል የነባር ሕዝብ ሠራተኛ የያዘ ሌላ አልነበረም፤ ቁጥራቸው ወደ 1,200 ደርሶ ነበር። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው ከጠጉር የቀጠነ ሽቦ ከቺፑ ጋር ያያይዛሉ። ለሥልጠናው ጊዜ ደመወዝ መንግሥት ይደጉም ነበር፤ ፋብሪካው ያረፈበትን ሕንጻ ያሠራውም ናቫሆ ራሱ ነው።

ኩባንያው ለምረቃው ባሳተመው መግለጫ የቺፑን ምስልና የናቫሆን ምንጣፍ ጎን ለጎን አቀረበ። መስመሮቹ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ የናቫሆ ሴት እጅ በባሕርይዋ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚል ትርጉም ያለው ነው። ምስጋናው ደስ ይላል። ግን ትንሽ ቆም ብለን ብናስብበት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ምንጣፍ የምትሠራው ሴት ንድፉን የምታወጣው ከገዛ ራሷ አእምሮ ነው፤ ክሩን ትቆጥራለች፣ ግራና ቀኙን ታስተካክላለች፣ ቀለሙን ትመርጣለች፣ ጠቡንም ከነበጓ ታውቀዋለች። ይህ ሒሳብ ነው፤ ምሕንድስናም ነው። ፋብሪካው ከዚህ ሁሉ ውስጥ የፈለገው የጣቷን ትዕግሥት ብቻ ነበር። ንድፉ የሚመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። አስተዋይ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ከምንጣፍ ሠሪዎቹ ልጆች ንድፍ አውጪ መሐንዲስ ለማውጣት በደከመ ነበር፤ ለዚያ ግን አልመጣም። የመጣው ለርካሽ ጉልበትና ለድጎማ ነው።

በዚህ ላይ ሁለተኛው ወንድማችን «አላልኳችሁም!» ሳይሉ አይቀሩም። ይታገሡን። በዚያ ምድር ሥራ ብርቅ ነበርና የወር ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ቤተሰብ በዚያ ገንዘብ በልቷል፣ ልጆች ለብሰዋል። የፋብሪካ ሥራ ውርደት ነው ብሎ መናገር ለጠገበ ሰው ይቀላል። ችግሩ ሥራው የእጅ ሥራ መሆኑ ሳይሆን ከእጁ በላይ ያለው መሰላል መቆረጡ ነው።

በኋላ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ቀዘቀዘና ኩባንያው ወደ 140 የሚሆኑ ሠራተኞችን ቀነሰ። በየካቲት ወር 1975 የአሜሪካ ሕንዳውያን ንቅናቄ አባላት መሣሪያ ይዘው ፋብሪካውን ያዙ፤ ለስምንት ቀን ከቆዩ በኋላ በድርድር ለቀቁ። ኩባንያውም ብዙ ሳይቆይ ፋብሪካውን ለዘለቄታው ዘጋው። በእስያ ሌሎች ፋብሪካዎች ነበሩት፤ በሆንግ ኮንግ ከሺፕሮክ ቀድሞ ሥራ ጀምሯል፤ ስለዚህ መሄጃ አልቸገረውም። ንቅናቄው ያነሣው ጥያቄ ትክክል ነበር። ሥራቸውን ያጡት ግን ፋብሪካውን የያዙት ወጣቶች ሳይሆኑ ማይክሮስኮፑ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ናቸው፤ ስለዚህ ጀብዱውን ለማወደስ ብዕራችን አይታዘዘንም። ፋብሪካው ሲሄድ ንድፉም፣ ማሽኑም፣ ገበያውም አብረው ሄዱ። በሺፕሮክ የቀረው ባዶ ሕንጻና የሠለጠኑ እጆች ነበሩ።

ደግነቱ በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ ጦር 29 የናቫሆ ወጣቶችን መልምሎ በቋንቋቸው የራዲዮ ምስጢር እንዲያዘጋጁ አድርጎ ነበር፤ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ተጨመሩባቸው። ጃፓኖች ምስጢሩን ሊፈቱት አልቻሉም። በአዳሪ ትምህርት ቤት ልጁን ያስቀጣው ቋንቋ ጦርነት ሲመጣ ከማንኛውም የምስጢር መሣሪያ በለጠ ማለት ነው። ይህ ታሪክ በመንግሥት ምስጢርነት ተይዞ ቆይቶ በ1968 ተገለጠ። በዚያው በ1968 የናቫሆ ምክር ቤት የራሱን ኮሌጅ አቋቋመ። በአሜሪካ ምድር አንድ ነባር ሕዝብ የመሠረተው የመጀመሪያው የዘመኑ ኮሌጅ ይህ ሲሆን፣ ዛሬ ዲኔ ኮሌጅ ይባላል። ቋንቋውና ታሪኩ በዚያ የትምህርት ክፍል እንጂ የቅጣት ምክንያት አይደለም።

ሌሎችም ተከተሉ። በ1973 ስድስት ኮሌጆች ማኅበር መሠረቱ፤ በ1978 ለእነዚህ ኮሌጆች የመንግሥት እርዳታ የሚሰጥ ሕግ ወጣ። በ1977 ደግሞ የነባር ሕዝቦች የሳይንስና የምሕንድስና ማኅበር ተቋቁሞ ወጣቶችን ከአንጋፋ ባለሙያዎች ጋር ማገናኘት ጀመረ፤ ወይዘሪት ሮስም ደግፈውታል። በ1862 በወጣው ሕግ የየክፍለ ሀገሩ የእርሻና የቴክኒክ ኮሌጆች የተቋቋሙት በአመዛኙ ከነባር ሕዝቦች ከተወሰደ መሬት ሽያጭ ነው። የነባር ሕዝቦቹ ኮሌጆች፣ ቁጥራቸው 29፣ በዚሁ መብት ውስጥ የገቡት ግን በ1994 ነው። መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈጅቷል።

ከእነዚህ ሁሉ እኛን የሳበን ክራውንፖይንት በተባለች ትንሽ የናቫሆ ከተማ ያለው ትምህርት ቤት ነው። በ1979 ሲጀመር ሥራ ላጡ ጎልማሶች የግንባታ ሙያ የሚያስተምር የሥልጠና ጣቢያ ነበር። በ1985 የቴክኖሎጂ ተቋም ተባለ፤ በ2006 ኮሌጅ፣ በ2013 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የኤሌክትሪክና የኢንዱስትሪ ምሕንድስና ትምህርቶቹ በ2018 በአገሩ ለምሕንድስና ትምህርት የሚሰጠውን ዕውቅና አግኝተዋል። አርባ ዓመት ያህል ነው የፈጀው። ማንም ከካሊፎርኒያ መጥቶ አልሰጣቸውም፤ መጀመሪያ የያዙትን የእጅ ሥራ ሳይንቁ፣ በላዩ ላይ ሒሳቡን፣ በሒሳቡ ላይ ንድፉን እየጨመሩ ነው እዚህ የደረሱት።

ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ሆነ ብለን አንዋሽም። ከ1974 እስከ 2019 ድረስ በናቫሆ ምድር ላይ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። ኃይሉ ውሃ ወደ ፊኒክስ ከተማ የሚገፉትን ፓምፖች ያንቀሳቅስ ነበር፤ ሽቦው የሚያልፍባቸው ብዙ የናቫሆ ቤቶች ግን በጨለማ ኖሩ። በ2020 ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ተማሪዎች ኢንተርኔት ለማግኘት በቤተሰባቸው መኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ በትምህርት ቤቱና በቀበሌው አዳራሽ ደጃፍ ትምህርታቸውን ይከታተሉ ነበር። የተመረቀውም መሐንዲስ በአገሩ ሥራ ካላገኘ ወደ ከተማ ይሄዳል። ይሂድ ወይስ ይቆይ በሚለው እዚያም ዛሬ ድረስ ይከራከራሉ፤ አባቶች አንድ ይላሉ፣ ወጣቶች ሌላ። እኛ ከአገራችን ወጥተን የምንኖር ሰዎች ፍርድ ልንሰጥበት አንደፍርም።

በሰፈራችን የኮርሶቹ አዘጋጆች በሚቀጥለው ወር ከወላጆች ጋር ለመነጋገር መቀጠራቸውን ሰምተናል። ከላይ የጻፍናቸውን ሁለት ጥያቄዎች፣ ማን መረጠው፣ ገበያውንስ ማን አጠናው የሚሉትን፣ ይዘን እንቀርባለን። ሦስተኛም አለን፦ ስፌት የጨረሰችው ልጅ ልክ መለካትንና ንድፍ ማውጣትን ብትፈልግ፣ ቀጥሎ ያለው ክፍል የት ነው? ሁለቱ ተከራካሪ አንባቢዎቻችንም አብረውን ቢመጡ ደስ ይለናል።

በክራውንፖይንት የብየዳው ክፍል አልተዘጋም። ከምሕንድስናው ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ዛሬም ብየዳ ያስተምራሉ፤ የምንጣፍ ሥራም እንዲሁ።